አድማጮቼን ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ

ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ናሁሰናይ መኳንንት
የጥድ አምባ ወጣት ማዕከል ኃላፊ
ጥድ አምባ

ጉዳዩ፦ ያልተፈተለ የበግ ጠጉርን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ ግድግዳ የሚያህለው ቴሌቪዥንዎም፣ ጣራው ላይ የተተከለው የኢንተርኔት መቀበያም ደህና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ግቢዬም ጸጥ ብሎልኛል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የዝንብ ድምፅ ሳይቀር ለይቼ እሰማለሁ። ይህን ጸጥታ ያገኘሁት በእርስዎ መልካም አመራር ስለሆነ ውለታዎን ሳልመልስ መቅረት ነውር መስሎ ታየኝ። በዕድሜ ሠላሳ ዓመት ብበልጥዎትና ልጅ ሳሉ በበቅሎዬ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ያወረድኩዎት እኔ ብሆንም፣ ቢሮ ያለው ሰው ምንጊዜም ታላቅ ነውና አንቱታዬን ሳይሰለቹ ይቀበሉልኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። የበግ ጠጉር የምሠራ ሸማኔ ነኝ። በሰፈራችን ልማድ ሴት ልጅ ስትዳር ባናዋን፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብሷን፣ የሚሠራላት የእናቷ ወንድም ነው፤ ጠጉሩን ግን የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው በደቦ ይፈትሉላታል። የሚፈተለው እኔ ግቢ ነው። የፈታዮቹ ድግስ ደግሞ ተረት ነው፤ ተረቱን የማወራውም እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ፣ ነብሩ ሊዘል ሲያጎነብስ «የቀረውን ለሳምንት» ብዬ ስነሣ ኖሬያለሁ። ይራገሙኝና በሳምንቱ እንዝርታቸውን ይዘው ከሰዓቱ ቀድመው ይመጣሉ።

አሁን የእኅቴ ልጅ እስከዳር ከጥምቀት በኋላ ወደ ውርጩ አገር ወደ ራቤል ትዳራለች። እናቷ ልታርፍ ስትል የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄን ብርድ እንዳይነካት አለችኝ። ራቤልን የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል አደራ እንዳልሆነ ያውቃል። የአሥራ አራት በግ ጠጉር ታጥቦና ተነድፎ በአራት ጆንያ ተቀምጧል፤ ሰርጉ ወር አልቀረውም፤ ከጠጉሩ ግን ሩቡ እንኳ አልተፈተለም። ፈታዮቼ የት እንዳሉ እርስዎ ያውቃሉ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ከመስከረም ጀምሮ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት፣ ልብ ይበሉልኝ፣ በእኔው ሰዓት፣ በአማርኛ የተመለሰ ተከታታይ ፊልም በኢንተርኔት እያስመጡ በነጻ ስለሚያሳዩ አመሰግናለሁ። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ማንም ሳይለምነው በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ሌላው በራሱ ይጀምራል አሉ። እኔ ሰባት ቀን የማስጠብቀውን ነገር እርስዎ በአሥር ሴኮንድ ያቀርባሉ። ይህን ያህል ለጋስ ሳልሆን በመኖሬ አፍሬያለሁ።

2ኛ፦ ሕዝቡን መዝለል ስላስተማሩት አመሰግናለሁ። የመግቢያው ዘፈን ይዘለላል፤ ሽማግሌ ሲመክር ይታለፋል። ጎረቤቴ ሸዋረግ ስድስት ፊልም ጀምራ አንዱንም አልጨረሰችም፤ ብትጠየቅ ግን ሁሉንም አይቻለሁ ትላለች። በጥቅምት አንድ ቀን አዝናልኝ መጥታ ነበር። የጀግናውን በቅሎ የዘር ሐረግ ከቅድመ አያቷ ጀምሬ ስተርክላት፣ እንዝርቷን አቁማ «አያ ወዳጆ፣ እሱን ይለፉትና ነብሩ ጋ ይድረሱ» አለችኝ። እኔ የሚጫኑት ቁልፍ የለኝም፣ ክቡር ሆይ። ቢኖረኝ ኖሮ በዚያች ሰዓት ራሴን አጠፋው ነበር።

3ኛ፦ መሣሪያዎ ፊልም ባለቀ ቁጥር «ይህን የወደዱ ይህንንም ይወዳሉ» እያለ ሌላ ይመርጥላቸዋል አሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ወዳጆን የወደደ ምን እንደሚወድ የጠየቀ ሰው የለም።

4ኛ፦ በሩ ላይ «እንዝርት ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፉ፣ እሱም በማኅተም ስለጸደቀ፣ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። የእንዝርት ድምፅ የተዋናዮቹን ለቅሶ ይረብሻል። የእስከዳር ብርድ ግን ማንንም አይረብሽም።

አምስተኛው አቤቱታ ሳይሆን የሳይንስ ትምህርት ነው። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረስኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ያወቅሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። አንድ ቀን ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዞልኝ የመጣ የመጽሔት ገጽ እንዲህ ይላል፤ እንስሳ ሲርበው አፍንጫው ይሰላል፤ የተራበች ዝንብ እዚህ ግባ የማይባል ጣፋጭ ሳያመልጣት መራራውን ችላ ትላለች፤ የጠገበ ግን ምግቡ ላይ ተኝቶም አይሸተውም። የሰውን ረሃብ አላነሣም፤ እሱ በእኛ አገር መቀለጃ አይደለም። የጆሮን ረሃብ ግን አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነበር። ስድስት ቀን አስርቤ በሰባተኛው ሳቀምሳቸው የነብሩን ጥፍር ድምፅ ይሰሙ ነበር። እርስዎ እስኪያቅራቸው እየመገቡ ጆሯቸውን አደነዘዙት።

ወረቀቱ እውነት መናገሩን ባለፈው እሑድ በገዛ ውሻዬ አረጋግጫለሁ። አትንኩኝ የሚባለው ይህ ውሻ ጠግቦ ሲውል ጅራቱን ብረግጠው እንኳ ማን እንደረገጠው ዞር ብሎ አያይም። ማዕከሉ ውስጥ እግሬን አላስገባም ብዬ በሰፈር ፊት ፎክሬ ስለነበር፣ ለቁጥጥር ያህል አንዲት ክፍል ብቻ አይቼ ልውጣ ብዬ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ከኋላ ተቀመጥኩ። አምስት ክፍል አየሁ። አምስተኛው ላይ የፊልሙን ልጅ አጎቷ ሊያስሯት ሲሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰው አትንኩኝ በጨለማው ገብቶ፣ አርባ ሰው እያሸተተ አልፎ፣ ጋቢዬን ነክሶ ገፈፈኝ። መብራት በራ። ወይዘሮ ጌታነሽ፣ የሰፈራችን አንደኛ ፈታይ፣ «ውይ አያ ወዳጆ፣ እርስዎም አሉ? እኔኮ ውሻው ፊልሙን ሊያይ የመጣ መስሎኝ!» አለች። ጣራው ያፈስ እንደሆነ ልመረምር ነው የመጣሁት አልኳት። «በታኅሣሥ?» አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔ በተረቴ እንዲህ አስቄያቸው አላውቅም፤ ሳቁም የእርስዎ አዳራሽ ውስጥ ስለተሳቀ የእርስዎ ሆኖ ተመዘገበ።

እንግዲህ የምለምነው ትንሽ ነው። እስከ ሰርጉ ድረስ እሑድ እሑድ ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ በሩ ሲንኳኳ፣ ማን እንደመጣ ሳይታወቅ ያጥፉልኝ። እንደተራቡ ይልቀቁልኝ። የቀረውን እኔ አውቅበታለሁ፤ ከበሩ ውጭ ማን እንደቆመ እነግራቸዋለሁ፤ ፊልሙ ካለው የተሻለ ሰው አቆምላቸዋለሁ፤ እነሱም ይፈትላሉ።

የቴሌቪዥንዎን ዕድሜ እንደ ማቱሳላ ያርዝምልዎ እያልኩ፣ የሚሰማው አጥቶ ለመጻፍ የተገደደ፣ በጸጥታ የተንበሸበሸ አክባሪዎ፣

ወዳጆ ብሩ፣ ሸማኔ

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወይዘሮ ጌታነሽ፣ እንድትስቅበት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስመጣ የእንዝርቱ ክልከላ ተነሥቶ አገኘሁት። ለካ እስከዳር ሰኞ ዕለት ቢሮዎ ገብታ ለምናዎት፣ እርስዎም ፊልሙን በየቀኑ ከፍተውላቸው፣ ጆንያዎቹንም እኔ ጓሮ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ በፊት በር አውጥታቸው፣ ሴቶቹ አራት ቀን ሙሉ ፊልም እያዩ ፈትለው ጨርሰዋል። ደብዳቤውን ግን ለጥፌዋለሁ፤ ብዙ ደክሜበታለሁ። ፈትሉን ቤቴ ወስጄ ብዳስሰው በየስንዝሩ ወፍሯል። ምን ነክቷችሁ ነው ብዬ ጌታነሽን ብጠይቃት «እሱማ ልጅቷን ያሰሯት ጊዜ ነው፤ እጃችንን ረስተን» አለችኝ። ከቀድሞው የተረፈኝን ፈትል አውጥቼ ጎን ለጎን አየሁት። በእኔ ተረት የተፈተለው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፤ መሐል ሜዳ ገበያ ስኮራበት የኖርኩት ነው። ለካ በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ሴት እንኳ እጇን ረስታልኝ አታውቅም። ባናውን ነገ እጀምራለሁ። ወፍራም ፈትል ይበልጥ እንደሚሞቅም አውቃለሁ፤ ለእርስዎ ግን አልነግርዎትም።