የዘሃራ ችካል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እህቴ ዘሃራ ከመሞቷ በፊት የባቡር መንገድ ቀያሽ ነበረች። ወደ ደብረ ሲና ተራራ የሚያወጣ መስመር ስትፈልግ የመጨረሻውን ችካል የተከለችው በጋሼ ሰይድ የማሽላ ማሳ ዳር ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍየል ታስራበት፣ ችካሉ ተንጋዶ አገኘሁት። ደሜ ፈላ።

«ጋሼ ሰይድ፣ የዘሃራ ችካል ላይ ፍየል ይታሰራል?»

«ሌሎቹን ለማገዶ ነቅለው ጨረሷቸው እኮ! ፍየል የታሰረበትን ማን ይነካል? አላህ ይዘንላት፣ ለሷ ብዬ ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። ችካሉን አቃንቼ በድንጋይ መታሁት፤ የፍየሏንም ገመድ አስረዘምኩላት። ግን ዘሃራ የተከለችበት ትክክለኛ ቦታ ይሁን አይሁን እንጃ። እኔ ያቃናሁት በዓይኔ ነው፤ እሷ በመሣሪያ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ትምህርት ላቋርጥ ያልኩትን ትቻለሁ። ቅየሳ ተምሬ ራሴ እለካዋለሁ። እስከዚያ ፍየሏ ትጠብቅልኝ።