ከሰልፉ ፊት ቆመው ሰላምታ ለሚሰጡት ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ሱራፌል፣
የ«በጤና እንንዳ» የብስክሌት ጉዞ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ከመኪና ወርደው ብስክሌት ላይ በወጡበት በዚያ እሑድ እጅግ ለደከሙት ጉልበቶችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ገበያው አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋው ብርቱካን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በዚያው ጉዞ ላይ የወደቀችው ልጄ ማዕዶትም ደህና ናት፤ የተሰበረው ክንዷ ጄሶው ተፈቶለታል፣ ሐኪሙም ቀስ ብላ መንዳት እንደምትችል ነግሯታል። መጥተው ቢጠይቁን ኖሮ ይህንኑ በቃል እንነግርዎ ነበር።

ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት፣ እርስዎም ለማዕዶት የጻፉላትን ማስጠንቀቂያ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በኮሚቴው ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉት ነው። ማስጠንቀቂያው ልጄ «ያለ ፈቃድ ከቡድኑ መሪ ቀድማ በመገኘቷ» ጥፋተኛ መሆኗን ይገልጻል፤ በሚቀጥለው ጉዞ መሳተፍ የምትችለውም በስብሰባ ፊት ቆማ እርስዎን ይቅርታ ከጠየቀች ብቻ መሆኑን ያስታውቃል። ከእርስዎ ቀድማ የተገኘችው ቦይ ውስጥ መሆኑ ግን፣ ምናልባት ወረቀቱ ስላልበቃ፣ አልተጠቀሰም። ስለዚህ የተረሳውን ለማሟላት ያህል ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቅድመ ዝግጅቱ አመሰግናለሁ። ስለ ጉዞ ደህንነት ገለጻ ይሰጣል ተብለን አዳራሽ ተጠርተን፣ ብስክሌት ለልብ፣ ለሳንባና ለከተማችን ገጽታ ያለውን ጠቀሜታ መጀመሪያ ከእርስዎ፣ ቀጥሎም «ሰብሳቢው ያሉትን ለማጠናከር ያህል» እያሉ ከተነሱት ሁሉ ሰምተናል። ብስክሌቶቹ ግን ውጭ ግድግዳ ተደግፈው ስለነበር ገለጻው አልደረሳቸውም፤ ፍሬናቸውን የሞከረ፣ ጎማቸውን በጣቱ ጫን ብሎ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ከተሳታፊዎቹ አንዷ ፍሬኗ እንደማይዝ ለመናገር እጇን ብታወጣ፣ ጥያቄና አስተያየት መጨረሻ ላይ እንደሚስተናገድ በትሕትና ተነገራት፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለስላሳ ታደለ።

፪. ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ስለ ቲሸርቱ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሁሉም በአንድ ልክ፣ ይኸውም በእርስዎ ልክ የተሠራ በመሆኑ፣ እርስዎ ላይ እጅግ አምሮ ልጆቹ ላይ ጉልበታቸው ድረስ ወርዶ ነበር። ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባባቸው ወገባቸው ላይ ቢቋጥሩት፣ የኮሚቴው ስም ይሸፈናል ተብለው እንዲፈቱት ተደረገ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ስሙ ጀርባቸው ላይ በደማቁ ስለተጻፈ፣ ክሊኒክ ስንደርስ ማን ለዚህ እንዳበቃቸው ለሐኪሙ ማስረዳት አላስፈለገንም።

፫. ሄልሜቱ ለሁሉም እንደማይበቃ በታወቀ ጊዜ ቅድሚያ ለክብር እንግዶች ሰጥተዋል። እንግዶቹም በድንኳኑ ጥላ ሥር፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ማሰሪያውን አገጫቸው ሥር አጥብቀው ፎቶ ተነሥተዋል። ከእነርሱ መካከል ከወንበሩ ወድቆ የተጎዳ አለመኖሩ ትልቅ ስኬት ነው።

፬. ታላቅን ማክበር የሚለውን ባህላችንን እስከ አስፋልት ድረስ ስላወረዱልን ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሳንባባል እንደማንገባ የታወቀ ነው፤ በዚያ ጠዋትም የኮሚቴው አባላት መነሻው ላይ እርስ በርስ ሲገባበዙ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። በመጨረሻ እርስዎ ፊቱን ለመያዝ ፈቃደኛ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላም ማንም ሰው እንዳያልፍዎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ከልጄ እንደሰማሁት በቡድን ሲነዳ ፊተኛ የሚሆነው ጉድጓድ ሲያይ ለኋለኞቹ የሚጮህ፣ ከመቆሙ በፊት እጁን የሚያነሳ፣ ሲደክመው ደግሞ ቦታውን ለሌላ የሚለቅ ሰው ነው። እርስዎ ግን ጉድጓዱን ዝም ብለው ዞሩት፤ ቢደክምዎትም ቦታውን አለቀቁም። ከኋላዎ ያለው ሰልፍ ማለፍ ተከልክሎ፣ ጎማ ለጎማ ተጠጋግቶ፣ ፍሬን ያለውም የሌለውም ተደባልቆ ወደ እንሴኖ የሚወስደውን ቁልቁለት አብሮዎት ወረደ።

፭. አሁን ወደ ሰላምታዎ ልመጣ። ውሃና ሙዝ ከጫነው ባጃጅ ላይ ተቀምጬ እከተል ስለነበር ሁሉን አይቻለሁ። የእርስዎ አማች አቶ ከድሮ በርበሬ ማሳው ዳር ቆሞ ሰልፉን ሲመለከት አዩትና፣ ቁልቁለቱ መሀል፣ አስፋልቱ መሀል፣ ፍሬን ይዘው ቀጥ አሉ። የሚያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር መሆኑን አልክድም፤ እኔም ብሆን አላልፍም፤ ነገር ግን እኔ የምሄደው በእግሬ ነው፣ ከኋላዬም ሰልፍ የለም። እጅዎን አላነሱም እንዳልል አንስተዋል፤ ያነሱት ከቆሙ በኋላ ነው፣ ያነሱትም ለአቶ ከድሮ ነው።

ተከታይዎ ማዕዶት ነበረች። ከፊቷ የእርስዎ ጀርባ፣ በግራዋ ከወዲያ የሚመጣ ሚኒባስ፣ በቀኟ ቦይ ነበር። ቦዩን መረጠች። ሌሎቹ እርስ በርስ ሲነባበሩ፣ እርስዎ ስለ ልጆች ጤና ጠይቀው ወደ ዘንድሮው በርበሬ እየተሸጋገሩ ነበር። አቶ ከድሮ ግን የዘረጉትን እጅ ሳይጨብጥ ቦዩ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ልጄን አቅፎ አወጣት፣ ክንዷንም በትከሻው ፎጣ ደግፎ አሰረላት። በማግስቱ እቤታችን መጥቶ «ወላሂ እህቴ፣ እኔ እጄን ያወዛወዝኩት እለፉ፣ እለፉ ለማለት ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው አስከትለው ይቆማሉ ብዬ መች አሰብኩ? አፉ በይኝ» አለኝ። ያላጠፋው ሰው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ፤ ያጠፋው ደግሞ ይቅርታ እንዲጠየቅ በጽሑፍ አዘዘ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ትንሽ ቢያልቅብኝ አይፍረዱብኝ፤ ተናድጃለሁ። ማዕዶት ቀጥ ብላ ብትመጣ ኖሮ ዛሬ ጄሶ የሚፈታልዎ እርስዎ ነበሩ፤ እርስዎን ላለመምታት ክንዷን ሰጠች። ሕመሙን ችላ አንድ ቀን አላለቀሰችም፤ ያለቀሰችው ስሟ ሰሌዳው ላይ መለጠፉን የሰማች ቀን ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ትምህርት ቤት የምትሄደው በሰሌዳው በኩል ላለማለፍ ዋናውን መንገድ ትታ በኋላ በር ዞራ ነው። አጥንት ይጠገናል፤ ልጄ ግን ባላጠፋችው ጥፋት አንገቷን ደፍታ ስትሄድ ማየት ለእኔ ከስብራቱ ይብሳል።

በመሆኑም ማስጠንቀቂያው ከተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ፣ ባነበቡት ሰዎች ፊት፣ በእርስዎ እጅ እንዲነሣ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ማዕዶት ይቅርታ አትጠይቅም። ይህ እስኪሆን ድረስ እርስዎን ላለማስቸገር ስንል፣ ልጆቹና ከወልቂጤ የሚመጡ ብስክሌት ነጂ እንግዶቻቸው በመጪው እሑድ ራሳቸው ወደ እንሴኖ ለመንዳት ተስማምተዋል። ንግግር የለም፤ ፍሬን ግን ይፈተሻል። ቲሸርት የለም፤ ሄልሜት ያለው የሚነዳው ሰው ራስ ላይ ነው። ፊተኝነት በተራ ይደርሳል፤ ዘመድ ያየ ሰውም አስቀድሞ ምልክት ሰጥቶ፣ ከመንገድ ወጥቶ፣ ልቡ እስኪረካ ድረስ ሰላምታውን መለዋወጥ ይችላል። እርስዎም በአክብሮት ተጋብዘዋል።

ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለስብሰባዎችዎ ማጠር፣ በየመንገዱ ዳር ለቆሙ ዘመዶችዎ ሁሉ ደግሞ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለሰላምታዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እገልጻለሁ፤

ከባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ሁሉን ያየችው፣
የማዕዶት እናት ብርቱካን

ማሳሰቢያ፦ በእኛ ጉዞ ደካማ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ብቻውን አይተውም፤ ከመጨረሻው ተጓዥ ኋላ ሆኖ እየጠበቀ የሚነዳ ሰው ይመደባል። በመጪው እሑድ የተመደበችው ማዕዶት ናት። ስለዚህ ምንም ያህል ቢዘገዩ አይሳቀቁ፤ ልጄ አታልፍዎትም፤ በጉዳዩ ላይ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል።