ከአልጋችን ሥር ያለው ኢንጂን

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ዛሬ ፀሐይ ወጣች። ልብስ አጠብኩ። ባሌ ይኸነው ሥራ አልገባም፤ ባጃጁን አጥር ጥግ አቁሞ የኔን ሞተር ሳይክል ግቢው መሃል አመጣት።

"ድምፅ አላት" ብሎኝ ነበር ትናንት። እኔ አልሰማሁም። ግን ስምንት ዓመት ባጃጅ የነዳ ሰው ከኔ የተሻለ ይሰማል... ዘይቱን አፈሰሰ፣ ካቴናዋን ፈታ፣ ማርሚታውንና ካርቡራቶሩን አወጣ። ቡሎኖቹን በጣሳ ተቀበልኩት። የመጨረሻውን ሲመታው ኢንጂኑ ዘንበል አለ፤ ሁለታችን ተጋግዘን አወረድነው። ጭቃው ላይ ልወድቅ ስል ሳቅን እንኳ።

ከዚያ በእጁ አዟዟረው፣ ጆሮውን አስጠጋ። "ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ተበልቷል። ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው። እስከዚያ እንዳትነኪው።"

በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ አልጋችን ሥር አስገባው። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

በእግር። ሁለት ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ። በሞተር ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። ሦስት ቀበሌ የያዘች የእንስሳት ሐኪም በእግሯ... እስክደርስ የታመመው ይሞታል ወይ ይድናል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ኩሽኔታው አልመጣም። "ሰውየው ስልክ አያነሳም" አለኝ። ባለፈው ደግሞ "ኔትወርክ የለም" ነበር።

ራት ላይ፣ "ለምን ወረዳ ቢሮ ሥራ አትጠይቂያቸውም? መንገዱ ጥሩ አይደለም በዚህ ጊዜ።"

"አራት ዓመት የተማርኩት ደብዳቤ ላስፈርም ነው?"

መንገዱ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማን የማያውቅ አለ? ግን ቢሮዋን ደጋግሞ ለምን ያነሳታል... ማሰብ አልፈልግም። እግሬ ውሃ ቋጥሯል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ልጽፈው አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ማለዳ አያ ሽባባው ደወሉ። ከቀበሌዎቼ በመጨረሻው፣ ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት። ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል፤ በአዊኛ ጀመሩ። ላሟ ከሌሊቱ ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። የጥጃው ሁለት እግር ወጥቷል፣ ጭንቅላቱ የለም።

"አትጎትቱ" አልኩ። "በምንም ዓይነት እንዳትጎትቱ! ጭንቅላቱ ዞሮ ነው። መጣሁ።"

"በሞተር ነሽ አይደል፣ ዶክተር የምሥራች?"

ምን ልበላቸው? መጣሁ አልኩና ዘጋሁ። ይኸነው ከወጣ ገና አሥር ደቂቃው ነበር። ደወልኩለት። በባጃጅ እስከ ወንዙ ቢያደርሰኝ ግማሹን መንገድ እገላገላለሁ።

"ተሳፋሪ ይዣለሁ" አለ። "ደግሞ እዚያ ጭቃ ባጃጅ አይገባም።"

"እስከሚገባበት ድረስ አድርሰኝ።"

"የምሥራች፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኩሽ።"

ሮጥኩ። ከሰል በሚከሰልበት ጫካ በኩል አቋርጬ፣ ጭሱ ጉሮሮዬን ይዞኝ... ስደርስ ላሟ በጎኗ ተኝታለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ጎረቤት ተሰብስቦ በገመድ ጎትቷል። መጎተታቸውን ሳያት ነው ያወቅኩት። እጄን አስገባሁ፤ ጥጃው ሞቷል። ጭንቅላቱን ይዤ ላዞረው ስል ላሟ ሥሬ ተንፈራገጠች፣ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰች፣ በቃ። ክንዴ ውስጧ እያለ።

አያ ሽባባው፣ "ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ ብትደርሺ ኖሮ..." ብለው ተዉት። ባለቤታቸው እትዬ አምሳለ የእጅ መታጠቢያ ውሃ አምጥተው መሬት ላይ አስቀመጡልኝ እንጂ አላስታጠቡኝም።

"ሞተሬ ተበላሽቶብኝ ነው" አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ፣ "ላም ናት እኮ፣ የምሥራች" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ይኸነው ሲወጣ ኢንጂኑን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ኩሽኔታውን እኔው ራሴ ዳንግላ ፈልጌ አስገጥማለሁ፣ ይደነቃል ብዬ። አዎ፣ ይህን ነበር ያሰብኩት። ቂል!

ከረጢቱን እየጎተትኩ እስከ አስፋልቱ፤ ከዚያ በሚኒባስ። ዳንግላ ስደርስ ጋሪ ይዤ ዩኑስ ጋራዥ ሄድኩ። ሞተሯን ስገዛ ያየልኝ መካኒክ ነው። ጠረጴዛው ላይ አወጣው፣ ጠረገው፣ አዟዟረው፣ ወደ ጎን ወዘወዘው። ቆየ። መነጽሩን አድርጎ እንደገና አየው።

"እህቴ፣ ኩሽኔታው ተበልቷል ያለሽ ማነው?"

"ባሌ።"

"ከፍቶት ነው?"

"አይ... ጆሮውን አስጠግቶ ሰምቶ ነው።"

"አልተከፈተም። እይው፣ የክዳኑ ቡሎኖች ላይ የፋብሪካው ቀለም አለ። ቁልፍ አልነካቸውም። ውስጡ ሳይታይ ኩሽኔታ ተበላ አይባልም። ደግሞም ስወዘውዘው አይንኳኳም፤ ጤነኛ ነው፣ ምንም የለበትም።"

ጣቴን ቀለሙ ላይ አደረግኩ። ቀይ፣ ያልተሰነጠቀ።

ዩኑስ ሲገባው ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ሻይ አስመጣልኝ። አልጠጣሁትም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ራስሽ ትገጥሚዋለሽ?" አለኝ። እገጥማለሁ አልኩ። በወረቀት ጻፈልኝ። መጀመሪያ የኋላውን የታች ቡሎን። ሁሉም ሳይገቡ አንዱንም አለማጥበቅ። ዘይት ሳይሞላ አለማስነሳት።

በሚኒባሱ ውስጥ ኢንጂኑን በእግሬ መሃል ይዤ ተመለስኩ፤ ይኸነው ሳይገባ አልጋው ሥር መለስኩት። ሃያ ቀን በላዩ ተኝተናል። ጎን ለጎን። እሱ እንዴት እንቅልፍ ወሰደው?

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ይኸነው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ጀመርኩ። ሞተሯን በድንጋይ አስደግፌ፣ ከሥሯ ሁለት ጣውላ ደራርቤ፣ ኢንጂኑን እየገፋሁ አስገባሁት። እስከዚያ ደህና። ግን ቡሎኑ አልገባ አለ። ስገፋው ይንሸራተታል፣ ሳነሳው ቡሎኑን የሚይዝ እጅ የለኝም። አንድ ሰዓት ያህል ታገልኩ። ጣቴ ተላጠ።

በሩ ተከፈተ። ይኸነው ነጠላውን እንደለበሰ ቆመ።

"ኩሽኔታው መጣ?" አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ!

"ዩኑስ ጋ ወስጄው ነበር።"

በሩን ከኋላው ዘጋ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። ባጃጅ ተራ ላይ ይስቁበት እንደነበር። "ሚስትህ ከኋላዋ ወንድ አፈናጥጣ ሄደች" እንዳሉት። ለክትባት የወሰድኳቸው የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው፤ ስድሳ ዓመታቸው! የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሞተሯን ሲቀሙኝ፣ ከዚያም የባሰ ሲያደርጉኝ በሕልሙ እያየ እንደሚባንን።

"ፈርቼ ነው" አለ።

"ለምን ፈራሁ አላልከኝም?"

"ብልሽ ትቀሪ ነበር?"

አልቀርም ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

"ሽባባው ሲደውሉልኝ፣ ያን ቀን፣ ደውዬልህ ነበር።"

ነጠላውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ተንበረከከ፣ ሁለት እጁን ከኢንጂኑ ሥር አስገብቶ አነሳው። "አሁን አስገቢ" አለ። ቡሎኑ ገባ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ዳዶ ስፈልግ እጁ ላይ ነው። ካቴናውን ሲስብ እኔ ጎማውን አዞራለሁ። አንዲት ቃል ሳንነጋገር። እንዲህ እንደምንግባባ ሳይ ልቤ ነደደ... ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው!

ዘይት ሞላሁ። በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች። ጎረቤቶቻችን ወጥተው አጨበጨቡ። "ባልና ሚስት እንዲህ ነው!" አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ልብሴንና የሕክምና ቦርሳዬን ሞተሯ ላይ አሰርኩ። በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። "መቼ ትመጫለሽ?" አላለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የእንስሳት ክሊኒኩ አጠገብ ከአስተማሪዋ ከእመቤት ጋር አንድ ክፍል ይዘናል። ጣሪያው ያፈሳል። ይኸነው ሁለቴ ደውሏል። አላነሳሁም። ሦስተኛው ላይ አነሳለሁ? አላውቅም።

ዛሬ አያ ሽባባው ቤት ሄድኩ። ሳይጠሩኝ። የበሬያቸውን ቁስል አጠብኩ፣ መርፌ ወጋሁት። ሲሸኙኝ ሞተሯን ዳበስ አደረጓት።

"ምኗ ነበር የተበላሸው?"

ኩሽኔታ ብል ይበቃ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ምንም አልሆነችም ነበር፣ አያ። እንዳልወጣ ባሌ ነው ኢንጂኗን ያወረደው።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዱላቸውን ተደግፈው አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ባል ነው" አሉ። "ጊዜውም ክፉ ነው። አትፍረጂበት፣ ልጄ። ወደ ቤትሽ ግቢ።"

ላማቸው የሞተችባቸው ሰው! ምን ልበል? ቁልፉን አስገባሁ።

እትዬ አምሳለ በረት ደጃፍ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። አሁንም እኔን አላዩም፤ ባላቸውን ነው ያዩት።

"ይቅር ማለት የቀለለህ" አሏቸው፣ "ላሟ አባቴ የሰጠኝ፣ የኔ ስለሆነች ነው።"

አያ ሽባባው አቀረቀሩ። እትዬ አምሳለ ወደኔ መጥተው ቦርሳዬን ከመሬት አነሱና ኮርቻው ላይ አጥብቀው አሰሩልኝ።

"ሂጂ" አሉኝ። "ከማዶ ሌላ ላም ልትወልድ ነው።"