ከበር የማይወጣው ጠረጴዛህ

ይድረስ ለዳዊቴ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። እንደ ድሮው ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ምን ልዋሽህ፣ ደህና አይደለንም።

ካራ ሰፈር ያለው ቤታችን ለመንገድ ሊፈርስ ነው። ምትክ የተሰጠን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃው ሁሉ ታስሯል፤ የቀረው ያንተ የምግብ ጠረጴዛ ብቻ ነው።

ምን ላድርገው? የደንበኛን በር ሳትለካ እንጨት የማትነካው የቤት ዕቃ ዲዛይነር፣ የራስህን ጠረጴዛ ግን ከዋንዛ ግንድ ጠርበህ፣ ቤቱ ገና ሲሠራ ሳሎኑ መሀል አቆምክና ግድግዳውን ዙሪያውን አስገነባህ። የት ሊሄድብሽ ነው ብለህ ሳቅክብኝ። በለቅሶህ ቀን ዕድርተኞቹ የሳሎኑን ዕቃ ሲያወጡ እሱን ማውጣት አቃታቸው። ለቀስተኛው ዙሪያውን ተቀመጠ። እናትህ ከመሬት የበቀለ የሚመስለውን እግሩን አቅፈው አለቀሱ።

የክብር መቀመጫ እንዳይኖረው ብለህ ጠርዙን እንደ እንጦጦ ጋራ ወጣ ገባ ያደረግከው ትዝ ይልሃል? ቄሱ አባቴ ከኪዳነ ምሕረት ቀድሰው የመጡ ቀን፣ የት እንደምናስቀምጣቸው ጠፍቶን በሞቴ እዚህ፣ በሞቴ እዚያ ስንባባል ወጡ ቀዘቀዘ። ቄሱ ተናደው አንተ አጠገብ ዘፍ አሉ። እንዴት እንደሳቅን!

አሁን ግን ጠረጴዛህ የክብር መቀመጫ አወጣ። መስኮቱ ሥር፣ ክርንህ ያለሰለሳት ቦታ ላይ ማንም አይቀመጥም። ልጃችን ማሂ ሳህን ስትደረድር እንኳ ያቺን ቦታ ዘላ ታልፋለች።

የሥራ ባልደረባህ ታደለ ትናንት መጥቶ ለካው። ግድግዳው ቢፈርስም የፎቁ ደረጃ አያሳልፈውም፣ ለሁለት መቆረጥ አለበት አለኝ። የት ላይ እንደሚቆርጠውም ጠየቀኝ። ያን የምታውቀው አንተ ነበርክ፤ አንተን ደግሞ ከየት አምጥቼ ልጠይቅ? እንጨቱን ዳበስኩት፣ አለቀስኩ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ትቼው እንዳልሄድ ከቤቱ ጋር ይደቁሱታል። ልሽጠው ብል ማን ቤት ይገባል? ታደለም አሳዘነው መሰለኝ፣ መጋዙን ሳያወጣ ሄደ።

ነገ ጠዋት ይመለሳል። መጋዙ ያንተን ቦታ እንዳይነካ እለምነዋለሁ፤ ከዚህ በላይ አቅም የለኝም። አዲሱ ቤት የሚገባው ግማሹ ብቻ ከሆነም ያ ያንተ ወገን ነው የሚሆነው። የተቆረጠውን ጎን ወደ ግድግዳ እናስጠጋዋለን፤ እኔና ማሂ ከግራና ከቀኝህ እንቀመጣለን።

አንረሳህም፣ ዳዊቴ። እዚያ ቤት ማሂ ሳህን ስትደረድር ያንተን እንዳትዘል እነግራታለሁ።

ባለቤትህ ሰናይት