ብርጭቆ ያልያዘው ፌሊክስ

ኔልሰን ካውንቲ፣ ኬንታኪ
ኖቬምበር 14 ቀን 2011

ለወንድሜ ልጅ ለደሊንዳ፤

እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ አሁን በጋው እየገባ ነው፤ እኛ ጋ ቅጠሉ ረግፎ አልቆ ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ሰባ አንድ ዓመት ተሸክሞኛል፣ ቢያማርር አይፈረድበትም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጁላይ ነው። አራት ወር ሙሉ መልስ ያልሰጠሁሽ ንቄሽ እንዳይመስልሽ። የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባቴን የበርሜል ክዳን ላይ ስትቀርጪው እጁ ላይ ብርጭቆ አታድርጊበት።» እሺ ብዬ ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ መሰለሽ። ግን እሺ የማለት ሥልጣኑ የእኔ መሆኑን ስጠራጠር ወረቀቱን መልሼ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። አሁን የሆነው ሁሉ ሆኗልና ከነገሩ መጀመሪያ አንስቼ ልንገርሽ።

የታላቅ ወንድማችን ልጅ ዋረን የቤተሰባችንን የአረቄ መጥመቂያ ቤት ከያዘ አሥር ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ያደረገው ነገር የእኔን የሥራ ክፍል አንዱን ግድግዳ አፍርሶ መስተዋት ማቆም ነበር። በአራት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በስምንት ሰዓት ጎብኚ ይመጣል። አስጎብኚዋ «የበርሜል ክዳን በእጃቸው የሚቀርጹ የመጨረሻዋ ኤድለን እኚህ ናቸው» ትላቸዋለች። ልጆች መስተዋቱን ያንኳኩብኛል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ «ምግብ የሚሰጧቸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ባሏን ስታስቅ ሰማኋት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሲሄዱ ግን መሮዬን አስቀመጥኩ፤ የዚያን ቀን መልሼ አላነሳኋትም።

ለምን ጥለሽ አትሄጂም ትይኝ ይሆናል። የምኖርበት ቤት በምን ቃል እንደተሰጠኝ ታውቂያለሽ። አያቴ በኑዛዜው «ክዳን የምትቀርጸው የቤተሰቡ ሴት በሥራዋ ላይ እስካለች ድረስ ትኑርበት» ብሎ ነው ያለፈው። እናቴ እዚያው ሠርታ እዚያው ሞተች። እኔም ሌላ ጣሪያ አላውቅም። ከመጋዘኖቹ የሚወጣው የአረቄ ትንፋሽ ሻጋታ እያበቀለ ግድግዳውን ያጠቁረዋል፤ በየዓመቱ ቀለም እቀባዋለሁ፣ በየዓመቱ መልሶ ይጠቁራል።

በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ያሉትን አምስት ክዳኖች መቼም አትረሻቸውም። አምስቱም ከአባትሽ የቀደሙ ጠማቂዎች፣ አምስቱም ብርጭቆ ከፍ አድርገው ያነሱ። አንቺ ቀድመሽ እንደጠረጠርሽው፣ በኦገስት ዋረን መጣና የመጥመቂያ ቤቱ መቶ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ስድስተኛው፣ የአባትሽ ክዳን መሰቀል አለበት አለኝ። ስለ ብርጭቆው አላነሳም፤ ያለ ብርጭቆ ይሆናል ብሎም አላሰበ።

አባትሽ ፌሊክስ በሞተበት ዓመት በእጁ ከሞላቸው በርሜሎች የአንዱን ክዳን መረጥኩ። በርሜሉ ሲሠራ በእሳት የከሰለውን የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አዞርኩትና ከጥቁሩ ስር ቢጫውን እንጨት እያወጣሁ ፊቱን ሠራሁት። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። አባትሽ ደህና ቀንም ነበረው፤ ይህን የምልሽ ይቅር እንድትይው አይደለም፣ እንድታውቂው ብቻ ነው። የበቆሎው ጥንስስ ገንዳ ውስጥ ሲፈላ ጆሮውን ገንዳው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። «ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ነገ ይደርሳል» ይላል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ያ ሁልጊዜ ጠዋት ነው፣ ገና ምንም ሳይቀምስ። እንደዚያ አድርጌ ቀረጽኩት። ሁለት እጆቹ ገንዳው ላይ ተዘርግተው፣ ምንም ሳይጨብጡ።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ለዋረን አሳየሁት። «ሰክሮ የተኛ ይመስላል» አለኝ።

«እያዳመጠ ነው» አልኩት።

«አክስቴ፣ ይሄንን የምናውቀው እኔና እርስዎ ነን። ሰው የሚያየው ዓይኑን የጨፈነ ጠማቂ ነው። ዓይኑን ይግለጡለት፣ ብርጭቆ ያስጨብጡት፣ አለቀ።»

«ልጁ ብርጭቆ እንዲይዝ አትፈልግም።»

«ልጁ ለቀብሩም አልመጣችም» አለ።

ይህን የምጽፍልሽ ላቆስልሽ አይደለም። እኔ ዝም ማለቴን እንድታውቂ ነው። ለምን እንዳልመጣሽ አውቅ ነበር፤ መልሱ አፌ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። ዋረን በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ እጅግ በትህትና፣ የአያቴን ኑዛዜ አስታወሰኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ክዳኑን ጭነውት ሄዱ። ሐሳቡን ለውጦ እንዳለ ይሰቅለዋል ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

በዓሉ ኖቬምበር 5፣ ቅዳሜ ነበር። ቄሱ ባርከው፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ በዳቦ ተበልቶ፣ ከንቲባው ተናግሮ፣ ክዳኑ የተሸፈነበትን ጨርቅ የምገልጠው እኔ ሆንኩ። ዋረን ለፎቶው እንዲያምር የሥራ ሽርጤን ለብሼ እንድመጣ ነግሮኝ ነበር። ጨርቁን ሳብኩት። ሰው አጨበጨበ።

የእኔ ክዳን አልነበረም። ፊቱ የፌሊክስ ነው፣ ግን ከፎቶ ላይ የተወሰደ ነው። ዓይኑ ተገልጧል፣ ጥርሱ ይስቃል፣ ቀኝ እጁ ብርጭቆ አንስቷል። መሮ ያረፈበት አንድም ቦታ የለም፤ በማሽን የተቃጠለ ሥዕል ነው። ከስሩ ደግሞ የእኔን ፊርማ ከሌላ ክዳን ላይ ገልብጠው አትመውበታል።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። መሮዬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበረች። አጠገቤ ከነበረው በርጩማ ላይ ወጣሁና በመዳፌ እየመታሁ ስሜን መላጥ ጀመርኩ። ብርጭቆውን አልነካሁም፤ እሱን ለማውጣት ቀን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ስሜን ብቻ። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ጠፋ። ዋረን ከጀርባዬ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ «አክስቴ፣ ሰው እያየ ነው» አለኝ።

«ያይ» አልኩት። «አሥር ዓመት ሙሉ ሲያየኝ ነው የኖረው።»

ጨርሼ ስወርድ እንዳልወድቅ የደገፈኝ እሱ ራሱ ዋረን ነው። ክፉ ልጅ ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም።

ሰኞ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ሁለት ነገር አቀረበልኝ። ወይ ክዳኑ ላይ በእጄ እፈርማለሁ፣ ወይ ሥራዬን እንደተውኩ ተቆጥሮ እስከ ገና ቤቱን እለቃለሁ። የእኔን ክዳን ስጠኝና ልሂድ አልኩት። የድርጅቱ ንብረት ነው፣ አራተኛው መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፣ አለኝ።

ደሊንዳ፣ ጀግና መስዬ እንዳልታይሽ ቀሪውንም ልናገር። አሥራ ሦስት ዓመትሽ ሳለ፣ አባትሽ ሰክሮ መንዳት ሲያቅተው የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቼ እጅሽ ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ። እግርሽ ፔዳሉ ጋ እንዲደርስ ከጀርባሽ ትራስ ያስገባሁልሽም እኔ ነኝ። «ጎበዝ ልጅ» አልኩሽ። ያንን ያደረግሁት አንዴ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ነው፣ አንቺ እስክትሄጂ ድረስ። ሰው ብጠራ የኤድለን ስም ይበላሻል ብዬ ነው። ሲሞት ጋዜጣው ላይ «በልብ ሕመም» ያስባልኩትም እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለው ጉበቱን ነው። አንቺ ለቀብሩ ያልመጣሽው እሱን ላለማየት ብቻ አልነበረም፤ እኔንም ላለማየት ነበር። ትክክል ነበርሽ።

ረቡዕ ዕለት የመጋዘን ሠራተኛው ሆበርት፣ ያ አባትሽን ከወደቀበት እያነሳ ቤት ያደርስ የነበረው፣ በጭነት መኪናው መጣ። በመኖ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር አውርዶ በረንዳዬ ላይ አስቀመጠ። «እታለም ኦሌታ፣ ይሄ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ቦታ አጣበበብኝ» አለኝ። ሥራህን ታጣለህ ስለው፣ ጡረታው ሦስት ሳምንት እንደቀረውና ዋረንም እስከዚያ የመጋዘኑን ዕቃ እንደማይቆጥር ነገረኝ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ጆንያውን ስፈታው አባትሽ ነበር፣ እንደቀረጽኩት፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

አሁንም በአራት ሰዓት ጎብኚው ይመጣል። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ። አልፈረምኩም፣ አልቀርጽም። አስጎብኚዋ ግራ ገብቷት «ዛሬ እያረፉ ነው» ትላቸዋለች። ፎቶ ያነሱኛል። ሻንጣ ለማውረድ ሁለት ጊዜ ጣሪያ ስር ያለው ቆጥ ላይ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ወረድኩ። ሰው ከአንድ ቤት እንዴት እንደሚወጣ አላውቅበትም፣ ማንም አላስተማረኝም።

ክዳኑን ከትናንት ወዲያ ላክሁልሽ። በመርከብ ስለሆነ በፌብሩዋሪ ይደርስሻል አሉኝ። ብትፈልጊ ስቀዪው፣ ብትፈልጊ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው፣ ብታነጂውም አልቀየምሽም፤ ኦክ የሚሉት የበርሜል እንጨት ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፣ ጥሩ ሙቀት አለው። ዕቃ መላኪያ ቤት ያለችው ልጅ የላኪ አድራሻ ስትለኝ እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። በፌብሩዋሪ የት እንደምገኝ አላውቅማ። «ባዶውን መተው አይቻልም እኮ እማማ» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ ጻፍኩላት። አንቺም መልስ ብትሰጪኝ በዚያው አድርጊው፤ ባትሰጪኝም ይገባኛል።

አምላክ ቤትሽን በሰላም ይሙላልሽ። ልጆችሽን ዕድሜያቸው ከሚችለው በላይ አያሸክምብሽ። ባልሽን ሳሚልኝ፤ ባላውቀውም ድምፅሽን በስልክ ስሰማ ደህና ሰው መሆኑን አውቄያለሁ።

አክስትሽ
ኦሌታ ኤድለን

ይህን ረስቼ፦ ከኩሽናው ጎን ያለችውን ትርፍ ክፍል ቀለም እየቀባችኋት ነው ብለሽኝ ነበር። መስኮቷ ወዴት ነው የሚያየው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።