ሊፈርሱ የተቃረቡ ቤቶችን በካሜራ የሸኙት የወይዘሮ ኤፊ ጎርሌይ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዩፌሚያ ጎርሌይ፣ ሁላችንም ኤፊ እያልን የምንጠራቸው፣ ከአባታቸው ከአቶ ዴቪድ ካርጊልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጂን ሚልን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1941 በስኮትላንድ፣ በደንዲ ከተማ፣ ሎኪ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው በጆንያ ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ። አባታቸው እንደ ብዙዎቹ የከተማው ወንዶች ሥራ አጥተው ቤት ስለሚውሉ፣ አራቱን ልጆች አጥበውና ሾርባ ሠርተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በደንዲ እንዲህ ያለውን ባል “ሻይ አፍይ” ይሉታል፤ አቶ ዴቪድም በስሙ ተቀይመው አያውቁም።

ኤፊ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ከተማሩ በኋላ በ1956 በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። የሰው ሠርግና ልደት እያጠቡ ሰባት ዓመት በጨለማ ክፍል ሠሩ። ለራሳቸው ያነሱት ፎቶ ግን አንድም አልነበረም።

በ1963 እናታቸው የሚሠሩበት ፋብሪካ ተዘጋ። ወይዘሮ ጂን ዕቃቸውን ሊያወጡ ሲሄዱ ልጃቸውንም ይዘው ሄዱ። ማሽኖቹ ተነቅለው አዳራሹ ባዶውን ቀርቷል። እናትየው ቀድሞ ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆመው ሽቅብ ጣሪያውን አዩ።

“ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ስቆም አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። እንዲህ ያምር ነበር እንዴ?” አሉ።

ኤፊ በማግስቱ ከፎቶ ቤቱ ካሜራ ተውሰው ተመለሱና ያንን ጣሪያ አነሱት። ፋብሪካው በሦስተኛው ሳምንት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ወደ ተዘጉ ቤቶች መሄድ ልማዳቸው ሆነ። ቁልፍ ሳያስፈቅዱ አልገቡም፤ ከገቡበትም ሚስማር እንኳ ይዘው አልወጡም።

ባለቤታቸውን አቶ ዎልተር ጎርሌይን ያገኙት በ1968 በአንድ አሮጌ ኪራይ ቤት በር ላይ ነው። አቶ ዎልተር የአፍራሾቹ ፎርማን ነበሩ።

“እህቴ፣ ሙሽራ ያለ መስሎሽ ነው ካሜራ ይዘሽ የመጣሽው? የሚፈርስ ቤት እኮ ነው” አሏቸው።

“ስለሚፈርስ ነው የመጣሁት። ነገ ብመጣ የምታስቀርልኝ ነገር አለ?”

አቶ ዎልተር የራሳቸውን ቆብ አጥልቀውላቸው አሥር ደቂቃ ፈቀዱ። ኤፊ የወጡት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር አቶ ዎልተር አስቀድመው ይደውሉ ነበር፦ “ማክሰኞ እንጀምራለን፤ እሑድ ነይ።” በ1970 ተጋቡ፤ ሞራግንና ኢያንን ወለዱ። አንዱ የሚያነሳውን ሌላው ማፍረሱ ለሰው ግራ ቢሆንም በቤታቸው ጠብ ሆኖ አያውቅም።

ፈተናው የመጣው በ1978 ነው። አቶ ዎልተር ብዙ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ሲኒማ ቤት እንዲያፈርሱ ታዘዙ። ኤፊ እንደ ልማዳቸው እሑድ ገብተው፣ በተቀደደው ኮርኒስ በመሰላል ሽቅብ ሲያዩ፣ ከበላዩ ሌላ ጣሪያ አገኙ፤ ከዳር እስከ ዳር የባሕር ወፎች የተሳሉበት፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ። ኮርኒሱ ከተመታ ወዲህ ይህን ጣሪያ ከእድሜ ባለጸጎች በቀር የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም።

አቶ ዎልተር ወጥተው አዩት። ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹን መዶሻ አስቀምጡ አሏቸው። አሠሪያቸው መጡ።

“ቤት እንድታፈርስ ነው የቀጠርኩህ ወይስ እንድትሳለም?”

“አንድ ሳምንት ይስጡኝ። ሰው አይቶ ዝም ካለ እኔው ራሴ አፈርሰዋለሁ።”

በዚያው ሰዓት ከሥራ ተባረሩ። አዲስ ፎርማን እስኪመጣ ግን ሦስት ቀን አለፈ። ኤፊ በሦስቱ ቀን አርባ ትልልቅ ፎቶ አጥበው በሲኒማ ቤቱ አጥር ላይ ሰቀሉ። ከወደቡ፣ ከገበያው፣ ከትምህርት ቤቱ ሰው እየመጣ ተሰለፈ። ሐሙስ ዕለት የከተማው ምክር ቤት ማፍረሱን አስቆመ። ሕንጻው ዛሬም ቆሟል።

አቶ ዎልተር ዓመት ከመንፈቅ ቤት ዋሉ። ጎረቤቶች ሊያጽናኑ ሲመጡ ኤፊ “እናቴም ሻይ አፍይ ነበራት፤ እኔ ከማን አንሳለሁ?” ይሉ ነበር። በኋላ አቶ ዎልተር አሮጌ ድንጋይ በሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ሥራ አገኙ፤ እስከ ጡረታቸውም በዚያው ቆዩ።

ሁሉም አልተረፈም። ኤፊ ካነሷቸው ሕንጻዎች አብዛኞቹ የሉም። በ1985 የበሰበሰ ወለል ከድቷቸው ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፤ አንቡላንስ እስኪደርስ ጊዜ አላባከኑም፣ ከላያቸው ያለውን ቀዳዳ አነሱት። በ2009 አሥራ አንድ ሺህ የፎቶ ኔጋቲቭ ለከተማው መዝገብ ቤት ሰጥተው፣ ረቡዕ ረቡዕ ለጠያቂ እያወጡ ያሳዩ ነበር። አንድ ሽማግሌ ያደጉበትን ወጥ ቤት ፎቶ ይዘው ብዙ ቆዩና “ይህን የግድግዳ ወረቀት እናቴና አባቴ ሁለት ዓመት ተጣልተውበታል። ያሸነፈችው እሷ ናት” አሉ። ኤፊ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር፤ ሥራቸው ምን እንደሆነ ያን ቀን እንደገባቸውም ይናገሩ ነበር።

ከ2021 ጀምሮ ሳንባቸውን ታመው በሐኪም ሲረዱ ቆይተዋል። በእግር መሄድ ሲያቅታቸው አቶ ዎልተር በተሽከርካሪ ወንበር ከተማውን ያዞሯቸው ነበር። አዳዲሶቹንም ሕንጻዎች አልጠሉም፤ “እነሱም ያረጃሉ፤ ጊዜ ስጧቸው” ይሉ ነበር። ማርች 14 ቀን 2023 ጠዋት በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት አርፈዋል።

ወይዘሮ ኤፊ ከባለቤታቸው ጋር ሃምሳ ሦስት ዓመት በትዳር የኖሩ፣ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ሸኚዎች ሁሉ ከቀብር በኋላ በሲኒማ ቤቱ ሻይ እንድትጠጡልን ቤተሰቡ በአክብሮት ይጠይቃል፤ ስትገቡ ቀና ብላችሁ እዩት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን የሰው እጅ ባልሠራው፣ ማንም በማያፈርሰው ቤት ያኑርልን፤ ለአቶ ዎልተር፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።