ላይኛው ካቢኔት

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? ያ መለሎ ቁመናዎ እንዳለ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም ድኗል። ወንድምዎም ደህና ይመስለኛል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጠቅልለው እኛ ዘንድ ሊመጡ እንዳሰቡ፣ ቤቱ በስሜ ስለሆነ የጥሪ ወረቀቱ የእኔን ፊርማ ብቻ እንደሚጠብቅ ጽፈዋል። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ወጥ ቤቱ ላጫውትዎ።

ያን ጊዜ ለአንድ ወር ሊጠይቁን መጥተው ስድስት ወር ሲቀመጡ፣ ወጥ ቤታችን ፈርሶ እየተሠራ ነበር። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሰሃን ያጠብኩት መታጠቢያ ቤት ገንዳው ስር ተንበርክኬ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ የመብራት ሠራተኛው ይቀራል፤ ሁለቱም ሲመጡ ሴራሚኩ አልደረሰም ይባላል። በሰው አገር ለማን አቤት ይባላል? ሁሉን የቻልኩት፣ አንድ ቀን በልኬ የተሠራ ወጥ ቤት ይኖረኛል ብዬ ነው። አናጢው ሊለካ የመጣ ቀን ግን ሥራ ላይ ነበርኩ።

ካቢኔቶቹ የተሰቀሉ ዕለት እጄን ብዘረጋ እጀታቸውን እንኳ አልነካ አልኩ። መክተፊያው ጠረጴዛ ደረቴ ጋ ደረሰ። በገዛ ቤቴ፣ ምን በወጣኝ፣ ጨው ለማውረድ በርጩማ ላይ የምወጣ ሴት ሆንኩ። ለወንድምዎ ብነግረው፣ እህቴ ቆማ ያሠራችውን አላፈርስም፣ በርጩማው ምን አደረገሽ አለኝ። እርስዎም ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ፣ ትንሽ ስፖርት ይሆንላታል ብለው ሳቁ። በወሩ ወደቅኩ። ወንድምዎ ሮጦ ሲመጣ መጀመሪያ ያነሳው በርጩማውን ነው።

ባለፈው ወር አናጢውን ራሴ አስጠራሁት። ሲያፈርስ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሰመረ ምልክት ወጣ። ምንድን ነው አልኩት። ያን ቀን፣ የቤቱ እመቤት ማን ናት፣ እጇስ እስከ የት ይደርሳል ብሎ በምልክት ጠይቆ ነበር አለኝ። እርስዎ ጣትዎን ወደ ራስዎ ቀሰሩ፤ ከዚያም እጅዎን ወደ ላይ ዘረጉ። ቋንቋው አልገባኝም ነበር እንዳይሉኝ። ጣትን ወደ ራስ መቀሰር በየትኛውም አገር ያው ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ቆሽቴ አረረ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። እዚያው ግድግዳ ስር ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ እሱም ከእርስዎ ምልክት ሁለት ስንዝር ዝቅ አድርጎ አሰመረ። አሁን ሁሉም ነገር በእኔ ልክ ነው። እርስዎ ሽንኩርት ልክተፍ ቢሉ ወገብዎ ለሁለት መታጠፉ ነው።

ጣሪያው ስር ያለችውን አንዲት ካቢኔት ብቻ እንዳይነካት ነገርኩት። ለምን ቢለኝ፣ የዘመድ ማስታወሻ ናት አልኩት። መሰላሉን ከማጠፉ በፊትም የጥሪ ወረቀትዎን እዚያ በክብር አስቀመጠልኝ። አውርጄ ልፈርም ብል እጄ አይደርስም። በርጩማውንም ለወንድምዎ ከሻንጣዎቹ ጋር በር ላይ አውጥቼለት ወስዶታል።

እግዜር ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከቁመትዎም አንዲት ጣት አያጉድልብዎ።

የቤቱ እመቤት